ልጄ ከቺፕስና ከለስላሳ በቀር አልቀምስም አለ፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ሥራ ስውል የሚጠብቁት አማቴ ናቸው፤ ባለቀሰ ቁጥር ከሱቅ ቺፕስና ለስላሳ ይገዙለታል። ማታ ሽሮ ፍትፍት ሳጎርሰው አፉን ግጥም ያደርጋል፤ ሳህኑን ገፍቶ መሬት ላይ ይንከባለላል። ክብደቱ ከእኩዮቹ በጣም በልጧል፤ አማቴ ግን «ወዙ ነው፣ ዐይን እንዳይበላብኝ» ይላሉ።

አንድ 330 ሚሊ ሊትር የኮላ ጣሳ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ እንኳ በቀን 25 ግራም ገደማ ቢሆን ይመረጣል ይላል፤ ስለዚህ ጉዳቱን አስረዱኝ አልልም። የቸገረኝ አወጣጡ ነው። እናንተ በአንድ ጊዜ ነው የከለከላችሁት ወይስ ቀስ በቀስ? ቁጣውና ለቅሶውስ ስንት ጊዜ ቆየ? ለአማቴስ ሳይቀየሙኝ እንዴት ልንገራቸው? ልጁን የሚይዝልኝ ሌላ ሰው የለኝም።