ሲበተን የሚውለው ማን ነው? «ብተና» እና «ሽክርክሪት»

ከሰበታ፦ የሰፈራችንን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ፊዚክስ ሳስጠና «የፕሮቶንን ሽክርክሪት በኤሌክትሮን ብተና መመርመር» የሚል ሐረግ ገጠመን፤ «ብተና» የእንግሊዝኛው «ስካተሪንግ»፣ «ሽክርክሪት» ደግሞ የ«ስፒን» ትርጉም መሆኑ ነው። አንዷ ተማሪ «የሚበተነው ማን ነው?» አለችኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ከሱሉልታ፦ ልጅቱ ትባረክ! በአማርኛ የሚበተነው ብዙ የሆነ ወይም ከብዙ የተሰበሰበ ነገር ነው፤ ጉባኤ ይበተናል፣ መንጋ ይበተናል፣ ዘር ይበተናል። አንድ ኤሌክትሮን ብቻውን እንዴት ይበተናል? እሱ ፕሮቶን ላይ ሲተኮስ ነጥሮ አቅጣጫውን ይቀይራል እንጂ። ጉልበቱ ሲበረታ ግን የተመታው ፕሮቶን ራሱ ይበታተናል። ያኔ ግሡ ልክ ነው፤ ባለቤቱ ግን ፕሮቶኑ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ፍሪድማን፣ ኬንዳልና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1990 ኖቤል የተሸለሙት እንዲህ ነጥረው የወጡ ኤሌክትሮኖችን ቆጥረው፣ ፕሮቶን ውስጥ ኳርክ የሚባሉ ቅንጣቶች እንዳሉ በማሳየታቸው ነው።

ከለገጣፎ፦ «ንጥረት» እንበል እንዳትሉ ብቻ! ቅቤም ይነጠራል፣ «ንጥረ ነገር»ም አለ። ተማሪው ኬሚስትሪ መስሎት ይሄዳል።

ከሱሉልታ፦ እውነትዎን ነው። ስሙ ይቅርና በግሡ እንጻፍ፤ «ነጥሮ ሲወጣ» ቢባል ማንም ይረዳዋል።

ከሰበታ፦ «ሽክርክሪት»ስ?

ከቃሊቲ፦ እኔ «ስፒን» ብዬ እተወዋለሁ። እንዝርት ጭን ላይ ተሽቶ ሲለቀቅ ይሽከረከራል፣ ይደክማል፣ ይቆማል። የፕሮቶን ስፒን ግን አብሮት የተፈጠረ ባሕርይ ስለሆነ አይደክምም፣ አይፈጥንም፤ በፊዚክሱ መለኪያ ምንጊዜም ግማሽ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። በጄኔቭ አጠገብ ባለው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን፣ ስፒናቸው በአንድ አቅጣጫ የተሰለፈ ሙዮኖችን (ኤሌክትሮን መሰል ግን ከባድ ቅንጣቶችን) እንዲሁ በተሰለፉ ፕሮቶኖች ላይ ተኩሰው፣ ሁለቱ አቅጣጫዎች ሲገጥሙና ሲቃረኑ ነጥረው የሚወጡት ሙዮኖች ቁጥር ምን ያህል እንደሚለያይ አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ውጤት ፊዚክሱን ዓለም አስደነገጠ፤ የኳርኮቹ ስፒን ቢደመር የፕሮቶኑን ሊሞላ አልቻለም። ዛሬ ድርሻቸው 30 በመቶ ገደማ ነው ይባላል። የቀረው ኳርኮቹን አጣብቀው ከሚይዙት ቅንጣቶች፣ ከግሉኖች፣ ስፒንና ኳርኮችና ግሉኖች እዚያው ውስጥ ከመዞራቸው ይመጣል። እንግዲህ ስፒኑን «ሽክርክሪት» ብለን ከጨረስን፣ ይህን መዞር ምን ልንለው ነው?

ከለገጣፎ፦ እዚህ ላይ ረታችሁኝ። «የተሰለፈ» የሚለውንም ወድጄዋለሁ፤ «ፖላራይዝድ» ከማለት ይሻላል።

ከሰበታ፦ ለኒውትሮንስ ያው ቃል ይሠራል?

ከቃሊቲ፦ ይሠራል፣ ግን ነፃ ኒውትሮን በአማካይ 15 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ስለሚፈርስ ለብቻው ኢላማ አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን ያለው ሂሊየም-3 ይሰለፋል። የሁለቱ ፕሮቶኖች ስፒን በአብዛኛው እርስ በርሱ ስለሚጣፋ፣ የሚቀረው የኒውትሮኑ ነው ለማለት ይቻላል። ለልጆቹ «የተሰለፈ ሂሊየም» ብለው ይጻፉላቸው።