ዴቢያን ስጭን ኢቲኤች0 የት ገባ?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የቆየ ዴስክቶፕ ላይ ዴቢያን 12 (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) እየጫንኩ ነው። ሁለት የኔትዎርክ ካርድ አለው፤ አንዱ ከኢንተርኔቱ፣ ሌላው ከቢሮው ስዊች ጋር እንዲገናኝ ነው የምፈልገው። ኢንስቶለሩ ዋናውን ምረጥ ሲለኝ የድሮዎቹን የካርድ ስሞች፣ ኢቲኤች0 እና ኢቲኤች1፣ ጠብቄ ነበር፣ የመጣልኝ ግን ኢኤንኦ1 እና ኢኤንፒ3ኤስ0 ነው። የቱ የቱ እንደሆነ በምን ልወቅ? ወደ ድሮው ስም ብመልሰውስ?

ተርሚናል፦
ስሙ ራሱ ይነግርሃል። ኢኤን ማለት የኬብል ኔትዎርክ ነው፤ ዋይፋይ ቢሆን በደብሊውኤል ይጀምር ነበር። ኦ1 ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ነው። ፒ3ኤስ0 ደግሞ ፒሲአይ ባስ (ካርዶች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙበት መስመር) 3፣ ስሎት 0 ማለት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ተጨምሮ የተሰካው ካርድ። ከተጠራጠርክ ሁለቱንም አፕ አድርግና (አስነሳና) አንዱን ኬብል ነቅለህ «አይፒ ሊንክ» በል። «ኖ ካሪየር» (ግንኙነት የለም) የሚልህ የነቀልከው ነው።

የሰርቨር ሰው፦
ወደ ድሮው ግን አትመለስ፣ እባክህ። ኢቲኤች0 የሚባለው ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) መጀመሪያ ያገኘው ካርድ ነው፤ ሁለት ካርድ ሲኖር ዛሬ 0 የነበረው ነገ ሪስታርት ስታደርገው 1 ሊሆን ይችላል። ፋየርዎልህ (የኔትዎርኩን ገቢና ወጪ የሚቆጣጠረው) በካርዶቹ ስም ከተጻፈ ደግሞ ለቢሮው የከፈትከው በር ለኢንተርኔት ተከፈተ ማለት ነው። ሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ አገልግሎቶቹን የሚያስጀምረው ፕሮግራም) በፈረንጆቹ 2013 በቨርዥን 197 አዲሱን አሰያየም ያመጣው ለዚህ ነው።

ኬብል፦
ልክ ነው፣ ግን አዲሱም ስም ሊቀየር ይችላል። እኔ የምሠራበት ቦታ አንድ ሰርቨር ላይ ግራፊክስ ካርድ ጨመርን፤ የባሱ ቁጥር ተገፋና ኢኤንፒ3ኤስ0 የነበረው ኢኤንፒ4ኤስ0 ሆኖ ተነሳ። ሴቲንጉ የተጻፈው ኢኤንፒ3ኤስ0 በሚለው ስም ስለነበር ኔትዎርክ የለም፣ ከርቀት መግባትም አልተቻለም፣ በሌሊት ሄጄ ሞኒተር ሰክቼ ነው ያስተካከልኩት። ከዚያ ወዲህ በማክ አድራሻ (ካርዱ ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው መለያ) ራሴ ስም እሰጣለሁ። ኢቲሲ (የሴቲንግ ፋይሎች ፎልደር) ውስጥ፣ ሲስተምዲ ሥር ያለው ኔትዎርክ ፎልደር ውስጥ መጨረሻው ነጥብ ሊንክ የሆነ ፋይል ፍጠር፤ «ማች» የሚለው ሥር ማክ አድራሻውን፣ «ሊንክ» የሚለው ሥር ስሙን ጻፍ። የኢንተርኔቱን ዋን0፣ የቢሮውን ላን0 በላቸው። ኢቲኤች0 ብቻ እንዳትል፣ ከርነሉ ከሚሰጠው ስም ጋር ይጋጫል። የኢንተርፌስ ፋይሉንም በአዲሱ ስም አስተካክል፣ ኢኒትራምኤፍኤሱንም (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነውን ትንሽ የፋይል ጥቅል) አፕዴት አድርግ።

ጀማሪው፦
ነቅዬ አየሁት፣ ኢኤንኦ1 የኢንተርኔቱ ነው። ዋን0 እና ላን0 ብያቸዋለሁ። ሦስቴ ሪስታርት አደረግኩት፣ አልተቀያየረም። አሁን ወደ ፋየርዎሉ ልግባ። እግዜር ይስጥልኝ!