ልጄ የሚወደውን መጽሐፍ ቀደደው፤ አሁን ምን ላድርግ?

የገርጂ እናት (ከምሽቱ 3፡40)
እባካችሁ የነቃ ሰው ካለ ይድረስልኝ። ልጄ ማታ ማታ የማነብለትን የእንስሳት መጽሐፍ አሁን ቀደደው። የላሟ ገጽ ለሁለት ተከፍሏል፤ «ላም የለም! ላም የለም!» እያለ ያለቅሳል፤ አልተኛም ብሏል። በምን ልለጥፈው? ደግሞስ ማንበቤ ምን ጥቅም አለው? ሁለት መስመር ሳላነብ ገጹን ይገለብጥብኛል። አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አንብቤለት አላውቅም። እንዲህ እየሆነ ቋንቋ እንዴት ይማራል?

የመንታዎቹ አባት
ግልጽ ፕላስተር ከፊትም ከኋላም ለጥፊበት። ጫፉ ተርፎ እንዳይወጣ፤ ነቅሎ ወደ አፉ ይከተዋል። የስቴፕለር ሽቦ እንዳትጠቀሚ። በእኛ ቤት መጽሐፍ ውስጥ ያለችው በግ አንድ ጆሮዋ ከተበላ ሦስት ወር ሆኗታል፤ ልጆቹ ግን ዛሬም ይወዷታል።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ነገሩ የፕላስተር ጉዳይ አይደለም። መጽሐፍ እንደሚከበር ልጅ ከሕፃንነቱ ሊያውቅ ይገባል። እኛ የፊደል ገበታችንን እንደ ዓይናችን ብሌን ነበር የምንጠብቀው። መጽሐፉን ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጪው፤ አራት ዓመት ሲሞላው ታወጪለታለሽ።

የሕፃናት ነርስ
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። ልጅ እጁ የማይደርስበትን መጽሐፍ አይለምደውም። ጣቶቹ ስስ ወረቀት በቀስታ መግለጥ ገና አልቻሉም፤ ቀጣዩን ስትገዢ ገጹ ወፍራም ካርቶን የሆነውን ፈልጊ።

እህቴ፣ «መጨረስ አለብኝ» የሚለውን ተይው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ግሮቨር ኋይትኸርስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ዓመት አካባቢ የሆኑ ልጆች ወላጆች ለአንድ ወር ያህል ሲያነቡ «ምን እያደረገ ነው?» እያሉ እንዲጠይቁና የልጁን መልስ እንዲያሰፉ ተደረገ። ልጆቹ እንደ ወትሮው ከተነበበላቸው ይልቅ በንግግር ቀድመው ተገኙ። ልጅሽ «ላም» ካለ «አዎ፣ ቀይ ላም! ሣር ትበላለች» በዪው። ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂው። ዝም ማለት ለእናት ይከብዳል፤ ነገር ግን ልጁ ቃሉን የሚፈልግበት ጊዜ ያ ነው።

እንግዳ
ፕላስተር ለጥፊበት፤ ከፊትም ከኋላም።

የሜሪላንዷ
እዚህ የአማርኛ የሥዕል መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ይዤ ሥዕሉን በአማርኛ እተርክላታለሁ። ገጹን ስትገለብጥ አብሬያት እሄዳለሁ፤ ወደ ኋላ ከመለሰችኝም እመለሳለሁ። ስንጀምር «ተረት ተረት» እላለሁ። «የላም በረት» ማለት ከመቻሏ በፊት «በየት!» ትለኝ ነበር። ተራዋ መድረሱን ከቃሉ አስቀድማ አወቀችው።

የገርጂ እናት (4፡15)
ለጥፌዋለሁ፤ ላሟን በጣቱ እየዳበሰ ነው። ግን 25 ወሩ ነው፤ እኩያው የሆነው የጎረቤታችን ልጅ ብዙ ይናገራል። ዘግይቶብኝ ይሆን?

የሕፃናት ነርስ
«ላም የለም» ብሎ አላለቀሰም? ሁለት ቃል አጣምሯል እኮ! ከሁለት ዓመት ልጅ የምንጠብቀው ይህንኑ ነው። «አባባ መጣ»፣ «ውሃ ስጪኝ» የመሰለ ሌላም ይላል? ከዚህች በቀር የማያጣምር ከሆነ፣ ወይም ከኋላው ስሙን ስትጠሪው የማይዞር ከሆነ፣ ሳትዘገዪ ጆሮውን አስመርምሪው።

የመንታዎቹ አባት (በማግስቱ)
ተኛ? ፕላስተሩስ ያዘ?