ክርክር፦ ሰብለ ወንጌል ጠንካራ ናት ወይስ እኛ ነን ያጠነከርናት?

አወያይ፦ እንዴት አመሻችሁ የድሬ ልጆች፣ የሐረር ልጆች። ሙቀቱ ረገብ እስኪል ጠብቄ ነው የመጣሁት። ነገሩን ላልተከታተለ ባጭሩ ልንገር። ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች የመጽሐፍ መደርደሪያ ልናሟላ ብር አዋጥተናል። ሐሳቡ «ጠንካራ ሴት ዋና ገጸ ባሕርይ ያላቸው ልብ ወለዶች» የሚል ነው። ዝርዝሩ አናት ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገባ። ቀፊራ ደግሞ «ሰብለ ወንጌል ጠንካራ ከተባለች ደካማዋ ማን ልትሆን ነው?» ብላ ጻፈች። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስልኬ እረፍት የለውም። እንግዲህ ተከራከሩ። ስድብ የለም። መጽሐፉን ያላነበበ አንብቦ ይምጣ። ሰምቼዋለሁ የሚል ግን ይቆጠራል፤ ግማሾቻችን የምናውቀው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው።

ቀፊራ፦ ያልኩትን ብያለሁ። ሰብለን እወዳታለሁ፤ እናቴ ሬዲዮ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስላት ነው ያደግሁት። ግን እስኪ እንነጋገር። ይህች ልጅ አብዛኛውን መጽሐፍ ምን ስትሠራ ነው የምናገኛት? ስትጠብቅ። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ የዘር ሐረግ እየቆጠሩ አጪዎቿን ሲመልሱ ትጠብቃለች። ዕድሜዋ ሲሄድ ትጠብቃለች። በዛብህ አስተማሪ ሆኖ ሲመጣ እሱ እስኪደፍር ትጠብቃለች። ሥርዓቱን የሚነቅፈው ጉዱ ካሳ ነው፤ የምናስታውሰውም የእሱን ንግግር ነው። የሰብለን ንግግር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። በመጨረሻ ከቤት ስትወጣም የወጣችው ወንድ ፍለጋ ነው። ወንዱ ሲሞት መነኮሰች። ይህንን ለ15 ዓመት ልጅ ሰጥቼ «እንደሷ ሁኚ» ልበላት?

ለገሃሬ፦ ኧረ አቦ! መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረ ጎጃም ነው። የፊታውራሪ ልጅ ምን እንድታደርግ ፈለግሽ? ቀስት ይዛ ጫካ ትግባ? ይኼ ሁሉ የፈረንጅ ፊልም ያመጣው ነው። ሴት ጠንካራ የምትባለው ሰው ስትጥል ብቻ ሆነ።

የ12ኛ ክፍል፦ ቀስት ያልከው ካትኒስን ከሆነ፣ ፊልም ብቻ አይደለም፣ «ዘ ሀንገር ጌምስ» የሚባል መጽሐፍ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ። ደግሞ ካትኒስ ሰው ለመጣል አይደለም የገባችው። የሞት ፍልሚያው ዕጣ ለታናሽ እህቷ ሲወጣ «እኔ ልተካት» ብላ ነው። እኔ በስልኬ ነው ያነበብኩት፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉ ሳነብ አደርኩ።

ለገሃሬ፦ እሺ እህቴ፣ ተማርኩ። ግን ከእሷ በኋላ የመጡትን አንብበሻል? ሁሉም አንድ ናቸው።

የ12ኛ ክፍል፦ እሱ እውነት ነው። ሁሉም አያለቅሱም፣ ሁሉም ቢላ ይችላሉ፣ ሁሉንም ሁለት ወንድ ይወዳቸዋል። አንዱ የልጅነት ጓደኛ ነው፣ አንዱ አዲስ የመጣ። ጓደኛዬና እኔ ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ማን እንደሚያሸንፍ እንወራረዳለን። እኔ የ«ሃሪ ፖተር»ዋን ሀርማዮኒን የምወዳት ስለምታጠና ነው። ስለምታጠና ይስቁባታል፣ እሷ ማጥናቷን አትተውም።

ቲቸር ሳቢያን፦ እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ቀፊራ «ትጠብቃለች» ያልሽው ልክ ነው። ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ሳያውቁት የጻፉት አይደለም። ያ ቤት ልጅቷን ቁጭ አድርጎ የሚያስረጅ ቤት ነው። አባትየው ክብሬ የሚሉት ነገር የልጃቸውን ዕድሜ እየበላ መሆኑ አይታያቸውም። ጸሐፊው ያንን ነው የሚያሳዩን። ሰብለ ከመጀመሪያው ገጽ ጎራዴ ይዛ ብትነሳ ኖሮ፣ የዚያ ቤት ክፋት የት ይታይ ነበር?

አሁን ወደ መውጣቷ ልምጣ። የፊታውራሪ ልጅ ናት። በቅሎ ታውቃለች፣ አጃቢ ታውቃለች። ውሃዋን ሌላ ሰው ነው የሚቀዳላት። ያቺ ልጅ ስሟን፣ ርስቷን፣ አባትና እናቷን ጥላ ወደማታውቀው አገር መንገድ ጀመረች። ከፊቷ ያለው የዓባይ በረሃ ነው፤ ሽፍታ አለ፣ ጥም አለ። በዛብህንም ያገኘችው ሽፍቶች አቁስለውት ሊሞት ሲል ነው። ከዚያ ወደ አባቷ ቤት መመለስ አልመረጠችም። እኔ ጥንካሬን የምለካው በከፈለችው ነው። ሁሉን ኖሯት ሁሉን የሰጠች ሴት ናት።

ደግሞ ስለ ሰብለ ብቻ የምታወሩት ለምንድን ነው? ውድነሽ በጣሙን ሁሉም ይረሳታል። የበዛብህን እናት። ባሎቿ እየሞቱባት አገሩ «ገፊ» ያላት ሴት። ሰው የሚሸሻት ሴት። እንደገና ትዳር መሥርታ፣ ልጅ ወልዳ፣ ልጇ ሲታመምባት ለቤተ ክርስቲያን ተሳለች። ያ ስለት ነው ኋላ በዛብህን አላገባም የሚያሰኘው። እስኪ አስቡት፣ የመጽሐፉን አንጓ የቋጠረችው የማንኩሳዋ ድሃ እናት ናት።

ቀፊራ፦ ቲቸር፣ ስለ ውድነሽ እጄን ሰጥቻለሁ። ስለ ሰብለ ግን አልሰጥም። ጄን ኤርን ውሰድ። በ1847 እ.ኤ.አ. የወጣ መጽሐፍ ነው፤ ከሰብለ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። አሳዳሪ የሌላት ድሃ አስተማሪ ናት። ልታገባው የቆመችው ሰውዬ ሚስት እንዳለው ሠርጉ ቀን ሰማች። ሌሊት ተነስታ ወጣች። ሜዳ ላይ አደረች፣ ዳቦ ለመነች። ቀስት አልያዘችም፣ ለገሃሬ። ልዩነቱ አቅጣጫው ነው። ጄን ከምትወደው ሰው ሸሽታ ነው የወጣችው፤ ክብሬ ይበልጣል ብላ። ሰብለ ወደሚወዳት ሰው ነው የወጣችው። ሁለቱም መንገድ ነው፣ ግን ለልጄ የቱን እንደምመርጥ አውቃለሁ።

ለገሃሬ፦ ጄን መጨረሻ ላይ ተመልሳ አገባችው አይደል እንዴ? ዋሪያ፣ ቀሪውንም ንገሪያቸው እንጂ!

ቀፊራ፦ አገባችው። ግን የራሷን ውርስ አግኝታ፣ ሚስትየው ከሞተች በኋላ፣ በራሷ ፈቃድ ሄዳ ነው።

ለገሃሬ፦ እንግዲያው የእኔን እጩ ስሙ። ስካርሌት ኦሃራ፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ሴት። «ነገም ሌላ ቀን ነው»፣ በእንግሊዝኛው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው መጽሐፍ። ይህ ብቻውን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ሴትየዋ ደግሞ ሴት ናት! አገሩ በጦርነት ሲፈርስ እርሻውን የያዘችው እሷ ናት። ደረጃ ላይ የመጣባትን ወታደር በሽጉጥ ጣለችው። ግብር የምትከፍለው ብር ስታጣ፣ የለበሰችው ሲያልቅ፣ የመስኮቱን አረንጓዴ መጋረጃ አስቀድዳ ቀሚስ አሰፋችና ብር ፍለጋ ሄደች። ድሬ ላይ ብትወለድ ኖሮ ታይዋን ገበያ ላይ ሦስት ሱቅ ይኖራት ነበር።

ቲቸር ሳቢያን፦ ሦስተኛውን ሱቅ ከእህቷ ነጥቃ ነው የምትከፍተው። የእህቷን እጮኛ ለብር ስትል አላገባችም እንዴ?

ቀፊራ፦ እሱን ተወው። ያንን እርሻ ማን ነው የሚያርሰው? ባሪያዎች ናቸው። ጥጡን የለቀመው፣ እሷን አዝሎ ያሳደገው ማን ነው? ማሚ የምትባለው ሴት ሙሉ ሕይወቷን የስካርሌትን ወገብ በቀሚስ ስታስር ነው ያለፈው። መጽሐፉ ይህን ሁሉ የጥንት ውብ ዘመን አድርጎ ነው የሚያወራው። ትርጉሙን አከብራለሁ። ልጆቹ ያንብቡት፣ ግን ማሚን አይተው ያንብቡት።

ጀጎል፦ ከሐረር ነኝ፣ ዘግይቼ ገባሁ፣ አውፍ በሉኝ። ይኼ የማሚ ነገር እኛም ቤት አለ። ካሚላ ጊብ የምትባል ካናዳዊት ሐረር መጥታ ጥናት ሠርታ በ2005 እ.ኤ.አ. «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» የሚል ልብ ወለድ ጻፈች። ኋላም ፊልም ሆነ። ታሪኩ እዚሁ ግንቡ ውስጥ ነው። ግን ዋናዋ ሊሊ የምትባል ነጭ ናት፤ ሞሮኮ ያደገች፣ ቁርኣን የምታስተምር። መጽሐፉን አልጠላሁትም፤ ሴትየዋ ከተማችንን ለማወቅ ደክማለች። ያናደደኝ ኑሪያ ናት። ሊሊን ቤቷ የተቀበለቻት ድሃ እናት። የሰው ልብስ እያጠበች ልጆቿን ታሳድጋለች። ወላሂ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ታጥባለች፤ ታሪኩ ግን ከገንዳው ቀና ብሎ ሊሊ ማንን እንደወደደች ለማየት ይሄዳል። እኔ ከኑሪያ ጋር ልቅር ብዬ ነበር የማነበው።

የ12ኛ ክፍል፦ እሱን ነው እኔም የምለው! ጌቶቹ ቤት ውስጥ ካሉት ሁሉ ሠራተኛዋ ናት የምታሳዝነኝ።

የመጋላዋ እናት፦ ልጆች፣ እንግዲያው «ዘ ሻዶ ኪንግ»ን አስገቡ። የመዓዛ መንግስቴ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ የገባው። ሂሩት የቤት ሠራተኛ ናት፤ ወላጅ የሌላት። አባቷ የተወላት አንድ ውጅግራ አላት። ጣሊያን ሲመጣ ጌታዋ ለዘመቻ ብሎ ጠመንጃዋን ወሰደባት። እመቤቷ አስቴር ደግሞ ሴቶችን አስከትላ ትዘምታለች። አስቴር ለአገር ጀግና ናት፤ ያችኑ ሂሩትን ግን ቤት ውስጥ ትገርፋታለች። ጀግናዋና ጨካኟ አንድ ሴት ናት። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ አላነበብኩም። ግን ለ9ኛ ክፍል እንዳትሰጡት፤ መደፈር አለበት፣ እንግሊዝኛውም ይከብዳል። እኔ ራሴ ለትልቋ ልጄ ነው የሰጠኋት፣ ያውም አብረን እያወራን ነው ያነበበችው።

ለገሃሬ፦ እትዬ፣ 9ኛ ክፍሎች ስልካቸው ላይ የሚያዩትን ብታዪ ይህን አትዪም ነበር።

የመጋላዋ እናት፦ ስልካቸው ላይ ያለውን እኔ አልገዛሁላቸውም።

ጀጎል፦ አንድ ነገር ልጨምርና እወጣለሁ። ስለ ሰብለ ወንጌል ስትከራከሩ ሌላዋን ሰብለ ወንጌል አስታወሳችሁኝ። የልብነ ድንግልን ሚስት፣ እቴጌዋን። ከእኛ ወገን ደግሞ ባቲ ድል ወንበራ አለች፤ የኢማም ማሕፉዝ ልጅ፣ የኢማም አሕመድ ሚስት። ባሏ ሲዘምት ቤት አልቀረችም። ሁለት ልጆች የወለደችው ዘመቻ ላይ ነው። በ1543 እ.ኤ.አ. ወይና ደጋ ላይ ባሏ ሲገደል ልጇ መሐመድ ተማረከ። የእቴጌዋ ልጅ ሚናስ ደግሞ ቀድሞ ተማርኮ የመን ተልኳል። ሁለቱም ባላቸው ሞቷል። የሁለቱም ልጅ በጠላት እጅ ነው። ታዲያ እነዚህ ሁለት እናቶች ተደራደሩና ልጅ በልጅ ተለወጠ። መልእክተኛው ምን ብሎ ጀመረ? የትኛዋ ቀድማ እሺ አለች? ከዚያ ድል ወንበራ እዚህ ሐረር ኑርን አገባች፤ ጀጎልን ያሠራውን አሚር ኑርን። የባሏን ደም እንዲመልስላት ፈለገች፤ ኑርም በ1559 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ገላውዴዎስን ገደለ። ልጇን ያስመለሰላት ድርድር የእቴጌዋን ሌላኛውን ልጅ፣ ገላውዴዎስን፣ አላዳነውም። በዚህ ላይ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ካለ እኔ ቁጢ እያፈላሁ አስጽፈዋለሁ።

አወያይ፦ ይህን ተከትሎ ግራኝ ነው ኢማም ነው የሚል ክርክር ሊጀምር የነበረ ሰው አለ። መልእክቱን አጥፍቻለሁ፤ ራሱን ያውቃል።

ለገሃሬ፦ እኔ አይደለሁም። ግን ይኼ ታሪክ ነው፤ እኛ ልብ ወለድ ነው የምንመርጠው። ደግሞ ደም የምታስመልስ ሴት ለልጆች አርአያ ናት?

ጀጎል፦ አርአያ አላልኩም። ገጸ ባሕርይ ናት ነው ያልኩት። ወንዶቹን ስታነቡ አርአያ ነው ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? ፊታውራሪ መሸሻ ለማን አርአያ ሆኑ?

ቲቸር ሳቢያን፦ ይህች ጥያቄ ጥሩ ናት። ለክፍሌም እወስዳታለሁ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. ሮም ሲታተም ዋናዋ ሴት ጦቢያ ናት። ግን መንገድ ለመውጣት የወንድ ልብስ መልበስ ነበረባት። ከዚያ ጀምሮ የሴቶቹን ልብ በብዛት የጻፉልን ወንዶች ናቸው። ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን ጽፋለች። አርበኛ ነበረች፣ አዚናራ ታስራለች፣ ኋላም ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ተማሪዎቼ ግን ስሟን ስጠራ ዝም ብለው ነው የሚያዩኝ።

ቀፊራ፦ እኔ የምፈልጋትን ሴት ማንም አልጻፋትም መሰለኝ። ከጅቡቲ በሌሊት ባቡር ዕቃ ታመጣ የነበረችውን የድሬ ሴት። ፈታሽ ሲመጣ ጨርቁን ወገቧ ላይ ጠምጥማ «ነፍሰ ጡር ነኝ» የምትለውን። አክስቴ ስታወራ ሳቅ አያስቆመንም ነበር። ልጆቿን ያስተማረችው በዚያ ነው። ሕግ ጥሳለች፣ ዋሽታለች፣ ፈርታለች። እንደ ስካርሌት ነጥቃ ሳይሆን እንደ ኑሪያ ተሸክማ።

የ12ኛ ክፍል፦ እሷን እኔ እጽፋታለሁ። ግን መጀመሪያ የምለው አለኝ። እናንተ ሁላችሁ ለእኛ ነው የምትመርጡት፤ ከእኛ ማንም አልጠየቃችሁም። እኔ «ሊትል ዊመን»ን ነው የማስገባው። ጆ ጸሐፊ ልትሆን የምትፈልግ ልጅ ናት። አንባቢዎች ከጎረቤቷ ልጅ ካላጋባሻት ብለው ደራሲዋን አስጨነቋት፤ ደራሲዋም ማንንም ለማስደሰት ብዬ አላጋባትም አለች። ግን ዞሮ ዞሮ ለሌላ ሰው ዳረቻት! ይህን ሳነብ ምን ያህል እንደተናደድኩ አልነግራችሁም። ሰብለም ትግባ፣ ካትኒስም ትግባ። እኛ አንብበን እንጣላባቸው። ገለጻ ለጥፋችሁ «ይህች ጠንካራ ናት» አትበሉን።

አወያይ፦ እኔ በበኩሌ ከቲቸር ጋር ነበርኩ። አሁን ከዚህች ልጅ ጋር ነኝ። «ጠንካራ ሴት» የሚለውን ጽሑፍ ከመደርደሪያው ላይ እናነሳለን። ዝርዝሩን ነገ ለተማሪዎቹ እልካለሁ፤ አሥር መጽሐፍ እነሱ ይምረጡ፣ አምስት እኛ። «ዘ ሻዶ ኪንግ» ለ11ኛና ለ12ኛ ይቆይ። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ያሳውቀኝ፤ ከዚራ ድረስ መጥቼ እወስዳለሁ።

ለገሃሬ፦ ሁለት ቅጂ አለኝ። አንዱን እሰጣለሁ። ግን ሰብለ ከአምስቱ ውስጥ ካልገባች ብሬን መልሱልኝ።

ቀፊራ፦ ትግባልህ። ውድነሽም አብራት እንደገባች አትርሳ።