ለሙዚቃዊ ቴአትር ግጥምና ዜማ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለትምህርት ቤት ክበብ 40 ደቂቃ የሚሆን ሙዚቃዊ ቴአትር ታስቧል። አሜሪካዊው የሙዚቃዊ ቴአትር ደራሲ ስቴፈን ሶንድሃይም ግጥሙንም ዜማውንም ይሠራ ነበርና፣ እንዴት ተማረው? በአማርኛስ ምን መጠንቀቅ ይገባል?

መልስ፦ የሶንድሃይም (እ.ኤ.አ. 1930–2021) መምህር የሙዚቃዊ ቴአትር ግጥም ጸሐፊው ኦስካር ሃመርስታይን ነበር። አራት ልምምድ ሰጠው፦ የሚወደውን ተውኔት ወደ ሙዚቃዊ መለወጥ፣ ቀጥሎ ጉድለት ያለበትን፣ ከዚያ ተውኔት ያልሆነን ታሪክ፣ በመጨረሻም የራሱን ፈጠራ። ጀማሪ ሁለተኛውን እንዳይዘል፤ የሌላውን ስህተት ማረም ነው አወቃቀርን የሚያስተምረው። ሶንድሃይምም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1957 ለ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ሙዚቃዊ ቴአትር የጻፈው ግጥሙን ብቻ ነው፣ ዜማው የሌናርድ በርንስታይን ነው።

መልስ፦ በአማርኛ ትልቁ ጣጣ መጥበቅና መላላት ነው። «እንጀራ አለ» ሲባል «ለ» ይጠብቃል። ዜማው «አ» ላይ ረጅም ድምፅ ጥሎ «ለ»ን በችኮላ ካሳለፈው ላልቶ ይሰማል፤ ተመልካቹ «እንጀራ! ብሎ ተናገረ» ብሎ ይረዳዋል። «ገና»ም እንዲሁ ነው፤ ሲላላ «እስካሁን»፣ ሲጠብቅ በዓሉ። ስለዚህ ግጥሙን መጀመሪያ እንደ ንግግር ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ የሚጠብቀውን ፊደል አስምሩበት፣ ከዚያ ዜማ ስጡት። ለትረካ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ (6 በ6፦ ስንኙ ሁለት ባለ 6 ቀለም ሐረግ ያለው) ይመቻል፤ ለፈጣን ምልልስ ሰንጎ መገን (5 በ5) ይሻላል።

መልስ፦ ቅኝቱ ለልጆች ትዝታ ይሁን። አንቺሆዬ የተባለው ቅኝት በድምፆቹ መካከል ያሉት ርቀቶች አስቸጋሪ ስለሆኑ ልጆቹ ያለ መሣሪያ ቶሎ ይስታሉ። ዜማው ከአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ከፍተኛ ድምፅ ካለው ርቀት) አይለፍ። ከበሮውም ተዋናዩ በሚናገርበት ቦታ ዝም ይበል፤ አለበለዚያ ቃሉ አይሰማም።