የኤደንብራው ሱፐርኮምፒውተር «የፕሮፌሰር መጫወቻ» ነው?

ቤቲ ኤደንብራ፦ የብሪታንያ መንግስት ለኤደንብራው አዲስ ሱፐርኮምፒውተር (ብዙ ኮምፒውተሮች ተያይዘው እንደ አንድ የሚሰሩበት ማሽን) 750 ሚሊዮን ፓውንድ መመደቡን እዚህ ስለጥፍ ጋሽ ወንዴ ከስር «ለፕሮፌሰር መጫወቻ 750 ሚሊዮን፣ ለአዛውንት ማሞቂያ የለም» ብለው ጻፉ። ስንቱ ሰው ደግሞ ልክ ነው ብሎ ላይክ አደረገው። ሌሊቱን ሲያብሰለስለኝ አደረ። አሁን ባለው ማሽን፣ በአርቸር ሁለት ነው ዶክትሬቴን የምሰራው። በአንጎል የደም ስር ውስጥ ደም እንዴት እንደሚፈስ፣ የት ጋ እንደሚታፈን ነው የማሰላው። ስትሮክ የሚመታው እኮ በአብዛኛው እነዚያኑ አዛውንቶች ነው። መጫወቻ የምትለዋ ቃል አሳመመችኝ።

ጋሽ ወንዴ፦ ብያለሁ አሁንም እላለሁ። እዚህ አገር 27 ዓመት አውቶቡስ ነድቼ ታክስ ከፍያለሁ። በፈረንጆቹ 2024 ክረምት ላይ ጎረቤቴ ማሞቂያዋን አጥፍታ ካፖርት ለብሳ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ አግኝቻታለሁ፣ 78 ዓመቷ ነው፣ ሻይ አፍልቼ የወሰድኩላት እኔ ነኝ። የክረምቱን የማሞቂያ ድጎማ የቆረጠባት ይኸው መንግስት ነው። በሰኔ 2025 መለስንላችሁ አሉ፣ ተመስገን፣ ክረምቱ ግን አለፈ።

ቤቲ ኤደንብራ፦ ጋሽዬ ለጎረቤትዎ እኔም አዝናለሁ። ግን ያኔ በ2024 የእሷን ማሞቂያ የቆረጠው መንግስት ነሐሴ ላይ የኛንም ማሽን ሰርዟል፣ 800 ሚሊዮኑን። ከእሱ ጋር ለኤአይ የታሰበው 500 ሚሊዮንም ተሰረዘ። ያ የተሰረዘው ብር ለእሷ ተሰጠ? አልተሰጠም። እሷንም እኛንም የቆረጠው አንድ መቀስ ነው፣ እርስዎ ግን መቀሱን ትተው እኛን ይዘዋል።

ዳኒ ማንችስተር፦ ይሄን ማንም አያነሳውም እንጂ ሲሰረዝ እኮ ዩኒቨርስቲው ለማሽኑ ብሎ 31 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቶ ህንጻ አቁሞ ነበር። በ2023 አንዱ መንግስት ቃል ይገባል በ2024 ሌላው ይሰርዛል በ2025 ደግሞ ያው የሰረዘው ይመልሳል፣ ባዶ ህንጻ መሀል ቆሞ ይጠብቃል። ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ላይ ነው። ቢሆንም ጋሽ ወንዴ መጥፎ ቃል መረጡ እንጂ ጥያቄያቸው ትክክል ነው፣ ይሄን ሁሉ ከማውጣት ለምን ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር) አይከራዩም? በሰዓት ከፍለህ ትጠቀማለህ ስትጨርስ ትዘጋለህ፣ አለቀ።

ኪሩቤል፦ እኔ ክላውድ ላይ ነው የምሰራው፣ ዳኒ ያለው ልክ ነው። ዛሬ ማሽን ገዝቶ ጓዳ ማስቀመጥ ያለፈበት አሰራር ነው።

ቤቲ ኤደንብራ፦ ኪሩቤል የምታውቀው ስራ ሌላ ነው። ሺህ ሰው ሺህ ዌብሳይት ሲከፍት አንዱ ሰርቨር ሌላውን መጠየቅ አያስፈልገውም። የኛ ስራ ደቦ ነው። የደም ስሩን ሺህ ቦታ ቆራርሰን እያንዳንዱን ቁራጭ ለአንድ ኮር (ለማሽኑ አንድ አስሊ ክፍል) እንሰጣለን፣ በየእርምጃው ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ «ካንተ ወደኔ ምን ያህል ደም መጣ» ብሎ ጎረቤቱን መጠየቅ አለበት። እርምጃው ብዙ ሚሊዮን ነው። ደቦ ላይ አንድ ሰው ከዘገየ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል አይደል? የማሽኑ ዋጋ ያለው ኖዶቹን፣ ማለትም ውስጡ ያሉትን ነጠላ ኮምፒውተሮች፣ በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው፣ ተራ ክላውድ ላይ ያ መስመር የለም። እኔ 64 ኖድ ነው የምጠይቀው፣ እያንዳንዱ 128 ኮር አለው፣ ከ8 ሺህ በላይ ኮር ማለት ነው። እሱም ሆኖ አንዲት የልብ ምት አስልቶ ለመጨረስ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል።

ኪሩቤል፦ እንደዚህ አይነት መስመር ያለው ክላውድም አለ እኮ፣ ይከራያል።

ቤቲ ኤደንብራ፦ አለ፣ ዋጋውን ደግሞ አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። አመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይቆም ለሚሰራ ነገር ማን ነው በሰዓት የሚከራየው? ቤት አስር አመት እንደምትኖርበት እያወቅክ ሆቴል ታድራለህ?

ጋሽ ወንዴ፦ አንዲት የልብ ምት አልሽ? ሌሊቱን ሙሉ ለአንዲት የልብ ምት? ልጄ መጫወቻ ያልኩት ይሄንኑ እኮ ነው። ኮምፒውተር ላይ የተሳለ ደም ደም አይደለም። በ2022 መጨረሻ መብራት ሲወደድ ማሽኑን ቀስ ብለህ ሂድ እንዳሉት አንብቤያለሁ፣ ከ2.25 ጊጋኸርትዝ ወደ 2.0። አስፈላጊ ነገር ቀስ በል ይባላል? አምቡላንስ ነዳጅ ተወደደ ተብሎ ቀስ ይላል?

ቤቲ ኤደንብራ፦ ጥሩ አርገው አንብበዋል፣ ግን ቀሪውንም ያንብቡ። 2.0 የተደረገው መነሻው ነው፣ ስራው የሚዘገይበት ሰው ራሱ ወደ 2.25 መመለስ ይችል ነበር። አብዛኛው ስራ ደግሞ የሚጠብቀው ዳታ ከሜሞሪ እስኪመጣ ስለሆነ ቢቀንሱትም ብዙም አይዘገይም። በየቤቱ ሰው መብራት ሲቆጥብ እኛም ቆጠብን፣ ይሄ ወቀሳ ነው ወይስ ምስጋና?

ሀና ብሪስቶል፦ «የተሳለ ደም» ያሉት ላይ ልግባ፣ ነርስ ነኝ። በኮቪድ ጊዜ ጃፓኖች ኮቤ ያለውን ፉጋኩ የሚባል ሱፐርኮምፒውተር ይዘው ሰው ሲያስል ምራቁ የት እንደሚደርስ ያሰሉት ነበር፣ ማስክ ሲደረግ፣ ባቡር ውስጥ መስኮት ሲከፈት። ይሄን በሰው ላይ ሞክር ልትል አትችልም፣ በሽታ ልታስይዝ ነው። እኛ ዋርድ ውስጥ መስኮት ክፈቱ አትክፈቱ ስንባባል ነው የከረምነው። እንዲህ የሚያሰላልን ያኔ አጠገባችን ቢኖር ምን ነበረበት።

ጋሽ ወንዴ፦ ሀናዬ አንቺን አከብርሻለሁ፣ ግን መስኮት መክፈት እናቴም ታውቅ ነበር።

ሀና ብሪስቶል፦ ጋሼ እናትዎ ያውቁ ነበር፣ ሀላፊዎቻችን ግን ማስረጃ አምጡ ነው የሚሉን።

ናሆም ካዛንቺስ፦ ከአዲስ አበባ ነኝ። የምሰራው የቁሶች ፊዚክስ ነው፣ ለባትሪ የሚሆን ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ እንዴት እንደሚቀመጡ ማስላት። በፈረንጆቹ 2018 አሴስማ የሚባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች የኤሌክትሮን ስሌት ስልጠና አዲስ አበባ ሲካሄድ ነው ነገሩ የገባኝ። ከዚያ በፊት በአንድ ዴስክቶፕ ነበር የምሰራው። አንድ ስሌት 11ኛ ቀኑ ላይ ደርሶ ማታ ሁለት ሰአት መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ) ጢጥ ጢጥ አለ፣ ሞባይሌን አብርቼ ኪቦርዱ ላይ ስደርስ ስክሪኑ ጠፋ። 11 ቀን። ጠረጴዛው ላይ ግንባሬን ደፍቼ ቀረሁ። አሁን ኬፕታውን ባለው ሌንጋው በሚባለው ማሽን ከዚህ ሆኜ እሰራለሁ፣ ስሙ አቦሸማኔ ማለት ነው አሉ፣ ያንኑ አይነት ስሌት በቀናት ሳይሆን በሰአታት ይጨርስልኛል። ደቡብ አፍሪካ ለራሷ የገዛችውን ለኔ ከፈተችልኝ። እና ጋሽ ወንዴ፣ ይቅርታዎን፣ መጫወቻ ሲሉ እኔንም ነው የነኩኝ።

ኪሩቤል፦ ናሆም ታዲያ ለምን ደቡብ አፍሪካን ትለምናለህ? አገራችን ለቢትኮይን ቆፋሪዎች መብራት እየሸጠች ነው፣ ከዚያው ቆንጥራ ለምን የራሷን አትተክልም?

ናሆም ካዛንቺስ፦ መለመን አይደለም፣ ፕሮፖዛል ጽፌ ተገምግሞ ነው። ቃልህን ምረጥ። የመብራቱ ነገር እኔንም ያንገበግበኛል፣ ግን ማሽን መግዛት ቀላሉ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ዲስክ ሲበላሽ የሚነሳ ሰው፣ ሶፍትዌሩን የሚያስተካክል ሰው፣ ያንን ሰው ደሞዝ ከፍለህ ማቆየት ነው ከባዱ። ማሽኑ ደግሞ በስድስት በሰባት አመት ያረጃል። ኤደንብራ እንኳ ሄክቶር በ2007፣ አርቸር በ2013፣ አርቸር ሁለት በ2021 ነው የገቡት።

ጋሽ ወንዴ፦ ይኸው! ከራሳችሁ አፍ ወጣ! በየስድስት አመቱ ይጣላል! ልጅ መጫወቻው ሲሰለቸው ሌላ ግዙልኝ ይላል፣ እኔ ያልኩት ከዚህ በምን ተለየ?

ቤቲ ኤደንብራ፦ ጋሽዬ የነዱት አውቶቡስስ አልተቀየረም? በ27 አመት ስንት አውቶቡስ ነዱ?

ጋሽ ወንዴ፦ አውቶቡስ ሰው ያጓጉዛል። ማን እንደተሳፈረ አይቼ ነው የማውቀው።

ናሆም ካዛንቺስ፦ ይጣላል ላሉት፣ ቴክሳስ የነበረው ሬንጀር የሚባለው ሱፐርኮምፒውተር በ2013 ሲዘጋ ራኮቹ (ኮምፒውተሮቹ የተደረደሩባቸው መደርደሪያዎች) ተጭነው ደቡብ አፍሪካ መጡ፣ ከዚያ ለአፍሪካ ተቋማት ተከፋፈሉ። ተማሪ ተምሮበታል።

ኪሩቤል፦ ሰልባጅ ኮምፒውተር! ይሄ ነው ኩራታችን?

ናሆም ካዛንቺስ፦ በሰልባጅ ደብተር የተማርኩ ሰው ነኝ፣ አላፍርበትም። 11 ቀን የጠፋበት ሰው ራኩ አዲስ ነው አሮጌ አይልም።

ኪሩቤል፦ ኩራት ስለሌለን ነው እዚህ የቀረነው፣ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ትርፍ።

ዳኒ ማንችስተር፦ ወገን ወደ ነገሩ እንመለስ፣ ጥያቄዬ አልተመለሰም። አሜሪካኖቹ ኤል ካፒታን የሚባለውን ሱፐርኮምፒውተር በህዳር 2024 በፍጥነት ከአለም አንደኛ አደረጉ፣ ዋናው ስራው የኑክሌር መሳሪያ ማስላት ነው። ኤደንብራ የሚገባውም ማሽን ነገ ወደዚያ እንደማይዞር ማን ያውቃል?

ቤቲ ኤደንብራ፦ ኤል ካፒታን የመሳሪያ ላብራቶሪ ማሽን ነው። አርቸር ሁለት የዩኒቨርስቲዎች ነው፣ ፕሮፖዛል ይገመገማል፣ ተመራማሪው ሳይከፍል ይጠቀማል። ማንችስተር ያለ ተማሪ ከኤደንብራው እኩል ወረፋ ይይዛል፣ ይሄ ነው ብሔራዊ ያሰኘው። ዳኒ አንተ ያለህበት ከተማ ያሉ ልጆች ናቸው እኮ የሚሰሩበት።

ዳኒ ማንችስተር፦ ለመሳሪያ አይውልም ብለሽ ፈርሚልኝ አላልኩም፣ ጠየቅኩ እንጂ። ለምን ትቆጪያለሽ?

ሀና ብሪስቶል፦ ሙቀቱስ? ፊንላንድ ካያኒ ላይ ሉሚ የሚባለው ማሽን የሚያወጣው ሙቀት የከተማውን ቤቶች በከፊል ያሞቃል። ጋሽ ወንዴ ስለ ማሞቂያ ስላነሱ ነው። ኤደንብራም እንደዚያ ቢደረግ ትልቅ ነገር ነው፣ ለካውንስሉ ብንጽፍስ?

ጋሽ ወንዴ፦ ያንን ብታደርጉት የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ነኝ። ቤቲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በቁጣ አይደለም። ይሄ የደም ስር ስራሽ ሐኪም ቤት የሚደርሰው መቼ ነው?

ቤቲ ኤደንብራ፦ በኔ ዶክትሬት አይደርስም ጋሽዬ፣ አልዋሽዎትም። አሁን ከእውነተኛ ሰው የኤምአርአይ ምስል ጋር እያመሳከርን ነው፣ ስንት ቦታ እንደምንስት እየቆጠርን። ከኔ በኋላ ሌላ ይቀጥለዋል።

ጋሽ ወንዴ፦ ጎረቤቴ 78 ናት ብዬሻለሁ።

ቤቲ ኤደንብራ፦ አውቃለሁ። እናቴ ደግሞ 61 ናት፣ ግፊት አለባት፣ ጎንደር ነው ያለችው። መጫወቻ የሚለውን ቃል ያንሱልኝ።

ጋሽ ወንዴ፦ ለእናትሽ እግዜር ጤና ይስጣት። ቃሉን ግን አላነሳም።

ኪሩቤል፦ የክላውዱን ዋጋ ነገ አስልቼ እለጥፋለሁ፣ ቤቲ ያልሽው ሆቴል ምናምን አልተዋጠልኝም።