ለእናቴ ማንበቢያ አጉሊ መነጽር፦ ስንት እጥፍ ይበቃል?

የእናቷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የሬቲና መሃል (ማኩላ) ሕመም አለባቸው። የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገውም የመጽሐፍ ፊደል አይለይላቸውም፤ ትልልቅ ርዕስ ግን ያነባሉ። «10 እጥፍ» የተባለ በእጅ የሚያዝ አጉሊ ገዛሁላቸው፤ የሚታያቸው ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ነው፣ ያውም ደብዝዞ። እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ምን ልፈልግ?

መነጽር ሠሪው፦
እህቴ፣ 10 እጥፉን ተዪው። ጉልበቱ በጨመረ ቁጥር ሌንሱ እያነሰ፣ ወደ ወረቀቱም እየተጠጋ ይሄዳል። 100ን ለዳዮፕተሩ (ለሌንሱ ጉልበት መለኪያ ቁጥር) ስታካፍዪ ሌንሱ ከገጹ የሚርቅበትን ሴንቲሜትር ታገኛለሽ፤ ዳዮፕተሩን ለ4 ስታካፍዪ እጥፉን። 8 ዳዮፕተር 2 እጥፍ ሆኖ 12.5 ሴ.ሜ ላይ ይያዛል። 40 ዳዮፕተር፣ ማለትም ያንቺው 10 እጥፍ፣ 2.5 ሴ.ሜ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ እጅ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ፊደሉ ይጠፋል። አንዳንድ አምራች በውጤቱ ላይ 1 ስለሚደምር ያው 8 ዳዮፕተር «3 እጥፍ» ተብሎ ይሸጣል። ስለዚህ ዳዮፕተሩን ጠይቂ።

ልኩን ለማግኘት፦ የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱ ከዓይናቸው 40 ሴ.ሜ ርቆ፣ ማንበብ የሚችሉትን ትንሹን ፊደል ፈልጊ። ቁመቱ ከመጽሐፉ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚበልጥ ለኪና በ2.5 አባዢው። 3 ጊዜ ከበለጠ 7.5 ዳዮፕተር ይመጣል። ይህ ፊደሉን ለመለየት ያህል ነው፤ ሳይደክሙ እንዲያነቡ እስከ እጥፉ፣ ከ12 እስከ 15 ዳዮፕተር፣ ሞክሪ።

ገጽ በገጽ፦
እጅ ለሚንቀጠቀጥ ሰው መቆሚያ ያለው፣ ኤልኢዲ መብራት የተገጠመለት ይሻላል። ገጹ ላይ አስቀምጦ መግፋት ብቻ ነው፤ ርቀቱን እግሩ ይጠብቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መቆሚያ ባለው ሲያነቡ የማንበቢያ መነጽር ይደረጋል፣ በእጅ የሚያዘውን በትክክለኛ ርቀቱ ሲይዙ ግን አያስፈልግም። ዓይን ወደ ሌንሱ በተጠጋ ቁጥር ብዙ ቃል ይታያል። የመጽሐፉ መሃል ከጎበጠ መቆሚያው ይዘማል፣ ጫፉም ይደበዝዛል፤ ገጹን በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ዘርጉላቸው።

ግላኮማ እይታውን ላጠበበበት ሰው ነገሩ ይለያል፤ ብዙ ማጉላት ቃሉን ከእይታው ያስወጣበታል፣ ብርሃን መጨመር ይቀድማል።

የእናቷ ልጅ፦
ተባረኩ። ጉልላት መሳዩ፣ ገጽ ላይ የሚንሸራተተውስ?

መነጽር ሠሪው፦
ብርሃን ይሰበስባል፣ እጅም አያደክምም፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ 2 እጥፍ እንኳ አይሞላም፣ ለሳቸው ያንሳል። ስስ የፕላስቲክ ወረቀት መሳዩን አትግዢ፤ ፊደሉን ያደበዝዛል። የፕላስቲክ ሌንስ በሶፍት ወይም በቀሚስ ጫፍ አይጠረግ፣ ይጫራል፤ በውኃ አለቅልቃችሁ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁ። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብም ሳይሸፈን አይቀመጥ፤ ጨረሩን ሰብስቦ ወረቀትና መጋረጃ ያቃጥላል።